ስላይድ መጋቢው ሰባተኛው ላይ ለምን ይቆማል?

ጥያቄ፦ «አባቴ ከ1950ዎቹ መጨረሻ እስከ 1966 ዓ.ም. ድረስ አዲስ አበባ፣ ሐረርና ጎንደር ያነሷቸው 1,200 ያህል ስላይዶች (ክፈፍ ውስጥ የገቡ የፊልም ምስሎች) እጄ ላይ ይገኛሉ። አብዛኞቹ የካርቶን ክፈፍ አላቸው። እነሱን ወደ ኮምፒውተር ለማስገባት ያገለገለ ኒኮን ሱፐር ኩልስካን 5000 ስካነር ከኤስኤፍ-210 ስላይድ መጋቢ ጋር ገዛሁ፤ በዊንዶውስ 11 ላይ በቪውስካን ሶፍትዌር እሠራለሁ። 50 ስላይድ ደርድሬ ሳስጀምረው ሰባተኛው ወይም ስምንተኛው ላይ ይቆማል፤ አንዳንዴም ሁለቱን አንድ ላይ ይጎትታል። ካለፉት ውስጥ የአንዳንዱ ጠርዝ ተቆርጧል፤ ማታ የተነሱት ደግሞ ግማሻቸው ብቻ ይወጣል። የሶፍትዌሩን አቧራ ማጥፊያ ሳበራ በሰው ዓይንና ፀጉር ዙሪያ እንግዳ ጭረት ይታያል። የፋይሎቹ ቁጥርም ከሳጥኑ ቅደም ተከተል ጋር አይገጥምም። ሶፍትዌሩን ሦስት ጊዜ አጥፍቼ እንደገና ጭኛለሁ። ምን ላድርግ?»

መልስ፦

አራተኛ ጊዜ አይጫኑት። ከዘረዘሯቸው አራት ችግሮች የሦስቱ መነሻ ያለው የስላይዶቹ ሳጥን ውስጥ ነው። መነሻው የሶፍትዌሩ ቅንብር የሆነው የጠርዙ መቆረጥ ብቻ ነው፤ እሱም ቀላል ነው።

ወደ ዝርዝሩ ከመግባቴ በፊት ግን የአባትዎን ስላይዶች ዛሬውኑ ከመጋቢው ላይ ያንሷቸው። ስላይድ ኔጋቲቭ የለውም። ካሜራው ውስጥ የነበረው ያው ፊልም ታጥቦ፣ ተቆርጦ፣ ክፈፍ ገብቶለት ነው እጅዎ የደረሰው። እሱ ከተጫረ ሌላ ቅጂ የሚወጣበት ምንጭ የለም። ከዓመታት በፊት አንድ ቤተሰብ ያመጣውን የሠርግ ስላይድ በአንድ አሮጌ መጋቢ ላይ ደርድሬ ምሳ ወጣሁ። ስመለስ ማሽኑ ያንኑ ስላይድ ለማስገባት ደጋግሞ ሲገፋ ካርቶኑ ለሁለት ተሰንጥቆ፣ የሙሽራዋ ፊት ላይ ከጉንጭ እስከ አገጭ የሚደርስ ጭረት ወጥቶ አገኘሁት። ለባለቤቶቹ እንዴት እንደነገርኳቸው እስከ ዛሬ አልረሳውም። ከዚያ ወዲህ የማንም ሰው ስላይድ ማሽን ላይ ሆኖ ከክፍሉ ወጥቼ አላውቅም።

አሁን ምርመራው። ዋጋ የሌላቸው አሥር ስላይዶች ይፈልጉ፦ የደበዘዙ፣ የተቃጠሉ፣ ሌንሱ ተሸፍኖ የተነሱ። በየሳጥኑ አይጠፉም። እነሱን በአንድ ቅደም ተከተል ሦስት ጊዜ ያስኪዷቸውና በየትኛው ላይ እንደሚቆም ይመዝግቡ። በሦስቱም ጊዜ ያው ስላይድ ላይ ከቆመ ችግሩ የዚያ ስላይድ ካርቶን ነው። በተለያየ ስላይድ ላይ ሆኖ ነገር ግን ከጀመረ ተመሳሳይ ደቂቃ ቆይቶ ከቆመ ኮምፒውተሩ እያሸለበ ነው፤ የዊንዶውስን የእንቅልፍ ሰዓትና የዩኤስቢ ኃይል ቁጠባ ያጥፉ፣ ገመዱንም በማከፋፈያ ሳይሆን በቀጥታ ከኮምፒውተሩ ጋር ያገናኙ። ከተወሰነ የፋይል ብዛት በኋላ የሚቆም ከሆነ ደግሞ ዲስክዎ ሞልቶ እንደሆነ ይመልከቱ። ይህ ቀልድ አይደለም፦ በ4,000 ነጥብ በኢንችና በ16 ቢት የቀለም ጥራት የሚነሳ አንድ ስላይድ 128 ሜጋባይት ያህል ይወስዳል። ሃምሳው ከ6 ጊጋባይት በላይ፣ 1,200ው ደግሞ 150 ጊጋባይት ያህል ነው።

ሌላም ማረጋገጫ አለ። መጋቢው እንቢ ያለውን ስላይድ፣ ነጠላ ስላይድ በምታስገባው ኤምኤ-21 በምትባለው ክፍል በእጅዎ ያስገቡት። ደህና ከተነሳ ስካነሩ፣ ገመዱ፣ ሶፍትዌሩ ሁሉም ጤነኞች ናቸው ማለት ነው። ከገለጹልኝ ተነስቼ ውጤቱ እንዲህ እንደሚሆን ከሞላ ጎደል እርግጠኛ ነኝ።

ታዲያ ካርቶኑ ምን ያደርጋል? መጋቢው ከድርድሩ ጫፍ ያለውን አንዱን ስላይድ ብቻ ለይቶ፣ ጠርዙን ገፍቶ፣ በጠባብ ክፍተት ወደ ስካነሩ ሆድ ያስገባል። ሥራው ሁሉ የተመሠረተው የሚገፋው ነገር ዝርግ፣ ጠርዙ ቀጥ ያለና ውፍረቱ ከጎረቤቱ ጋር እኩል ነው በሚል እምነት ላይ ነው። የፕላስቲክ ክፈፍ ይህን እምነት አያጎድልም። ሃምሳ ዓመት ሳጥን ውስጥ የኖረ ካርቶን ግን እንደ ቆርቆሮ ክዳን ጎብጧል፣ ሙጫው ለቅቆ ሁለቱ ገጾቹ እንደ መጽሐፍ ተከፍተዋል፣ ማዕዘኖቹም በጣት ብዛት ለስልሰው ታጥፈዋል። የታጠፈው ማዕዘን ክፍተቱ አፍ ላይ ይሰነቀራል። የተከፈተው ገጽ የጎረቤቱን ጠርዝ ይይዝና ሁለቱ ተያይዘው ይገባሉ። ሶፍትዌሩ ይህን ሁሉ አያይም። የሚያውቀው ስካነሩ የነገረውን ብቻ ነው፤ ስካነሩ ደግሞ «ስላይድ አልደረሰኝም» ይላል፤ ሶፍትዌሩም ሥራው ያለቀ መስሎት ያቆማል። እርስዎም ሶፍትዌሩን ይጠረጥራሉ።

ስለዚህ ሥራው የሚጀምረው ጠረጴዛ ላይ ነው። ንጹሕ ነጭ ጨርቅ ያንጥፉ፣ የጥጥ ጓንት ያድርጉ፣ ከዚያ አንዱን ሳጥን ያውጡ። ምንም ከመንካትዎ በፊት በእያንዳንዱ ክፈፍ ጥግ ላይ በለስላሳ እርሳስ የሳጥኑን ፊደልና ተራ ቁጥሩን ይጻፉ፦ ሀ-1፣ ሀ-2፣ ሀ-3። እስክሪብቶ አይጠቀሙ፤ ቀለሙ ወደ ጎረቤቱ ስላይድ ሊተላለፍ ይችላል። ቁጥሩን አስቀድመው ካልጻፉ የሚቀጥለውን እርምጃ አያስቡት፤ ምክንያቱም አሁን ስላይዶቹን ልናደባልቃቸው ነው።

አንድ እፍኝ ይዘው እንደ መጫወቻ ካርታ በአራቱም ጎን ጠረጴዛው ላይ ቀስ ብለው መታ መታ ያድርጓቸው። ከዚያ ወደ መስኮት አንሥተው ከጎን ይመልከቱ። በመካከላቸው ብርሃን የሚያሳልፍ ክፍተት ካለ ከሁለቱ አንዱ ጎብጧል። አውራ ጣትዎን በየማዕዘኑ ያሳልፉ፤ የታጠፈውን ዓይንዎ ሳያየው ጣትዎ ያገኘዋል። እንዲህ እያሉ በአራት ክምር ይለዩአቸው፦ ዝርግ ካርቶን፣ ፕላስቲክ፣ የጎበጠና የተከፈተ ካርቶን፣ በመጨረሻም መስታወት ያለበት ክፈፍ። የመስታወቱ ክምር በመጋቢው አይሄድም፤ ወፍራምም ከባድም ስለሆነ በእጅ ብቻ ይገባል። ሻጋታ ያለበትንም ከሌሎቹ አርቀው ለብቻው ያቆዩት። ካርቶንና ፕላስቲክን በአንድ ዙር አያደባልቁ፤ ውፍረታቸው ስለሚለያይ ለመጋቢው ትልቁ ፈተና እሱ ነው።

የጎበጡትን በንጹሕ ወረቀት መካከል አድርገው ደረቅ ቦታ ላይ ከከባድ መጽሐፍ ሥር ጥቂት ቀን ያኑሯቸው፤ ብዙዎቹ ይቃናሉ። የታጠፈ ማዕዘን በጥፍር ጀርባ ተጭኖ ይስተካከላል። ሙጫው የለቀቀውን ግን ፊልሙን አውጥተው አዲስ የፕላስቲክ ክፈፍ ውስጥ ቢያስገቡት ይሻላል። ካርቶኑን ከመክፈትዎ በፊት ግን የፊትና የጀርባ ገጹን በስልክዎ ያንሱት፤ ካርቶኑንም አይጣሉት። በላዩ ላይ ያለው ማኅተምና የእጅ ጽሑፍ ከምስሉ የማይተናነስ መረጃ ነው። ወደዚህ እመለሳለሁ።

ከዚህ ዝግጅት በኋላ ያው መጋቢ ሃምሳውን ሳያቋርጥ ሲጨርስ ያያሉ። እኔ ግን ሃምሳ አልሞላም፤ 48 ስላይድና ሁለት ምልክት እደረድራለሁ። ምልክቶቹ የፕላስቲክ ክፈፍ ውስጥ የገቡ ግልጽ ፕላስቲኮች ናቸው፦ በአንዱ ላይ «መነሻ»፣ በሌላው ላይ «መድረሻ» ብዬ በማይለቅ ቀለም ጽፌባቸዋለሁ። ምልክቶቹ ፕላስቲክ ሆነው በካርቶን ዙር ውስጥ ቢገቡም፣ ጫፍና ጫፍ ላይ በመሆናቸው መጋቢውን አያስቸግሩም። ዙሩ ሲያልቅ የመጀመሪያው ፋይል «መነሻ»፣ ሃምሳኛው «መድረሻ» ከሆነ አንድም አልጎደለም። «መድረሻ» 49ኛ ላይ ከመጣ የሆነ ቦታ ሁለት ስላይድ ተያይዘው አልፈዋል ማለት ነው፤ በእርሳስ የጻፉትን ቁጥር ከምስሎቹ ጋር ሲያመሳክሩ የጠፋው ወዲያው ይታወቃል። ቁጥሩ አልገጥም ያለዎት በዚሁ ምክንያት ነው።

ለቁጥሩ መዛባት ሌላም ምክንያት ሊኖር ይችላል። በቪውስካን የፋይል ስም መጨረሻ ላይ ያለችው የመደመር ምልክት፣ ነባሩ ፋይል እንዳይደመሰስ ለሚቀጥለው ምስል ያልተያዘ ቁጥር ትፈልጋለች። ምልክቷን አይንኳት። ነገር ግን ዙሩ ሳያልቅ «ይሄኛው ተበላሽቷል» ብለው ከመካከል አንዱን ፋይል ከሰረዙ፣ ቀጥሎ የሚመጣው ምስል በባዶው ቁጥር ገብቶ ቅደም ተከተሉን ሊያፈርስ ይችላል። ለእያንዳንዱ ዙር አዲስ ማኅደር ይክፈቱ፣ እስኪያልቅም ምንም አይሰርዙ።

አሁን ወደ ጭረቱ እንሂድ፤ እዚህ ላይ ቆም ማለት እፈልጋለሁ፤ ብዙ ሰው ሳያውቀው የቤተሰቡን ምርጥ ፎቶዎች የሚያበላሸው እዚህ ነው። አቧራ ማጥፊያው የሚሠራው በኢንፍራሬድ ነው። ስካነሩ በቀይ፣ በአረንጓዴና በሰማያዊ ብርሃን ካነሳ በኋላ አራተኛ ጊዜ በማይታየው የኢንፍራሬድ ብርሃን ያነሳል። የተራ ቀለም ፊልም ማቅለሚያ ኢንፍራሬድን ያሳልፋል፤ አቧራና ጭረት ግን ያግዱታል። ስለዚህ በአራተኛው ምስል ላይ ጠቁሮ የሚታየው ሁሉ አቧራ ነው ተብሎ ከአጠገቡ ባለው ቀለም ይሸፈናል። ብልህ ዘዴ ነው። ኮዳክሮም በተባለው የኮዳክ ስላይድ ፊልም ላይ ግን ይሳሳታል። ኮዳክሮም ኢንፍራሬድን በከፊል ያግዳል፤ በተለይ ጥቁሩ የምስል ክፍል። ሶፍትዌሩም የሰውን ቅንድብ፣ የፀጉሩን ጠርዝ፣ የዓይኑን ብሌን አቧራ መስሎት ይሸፍነዋል። እርስዎ ያዩት እንግዳ ጭረት ይህ ነው። በብር የተሠራ ጥቁርና ነጭ ፊልምም እንዲሁ ነው።

ኮዳክሮም መሆኑን ለማወቅ አብዛኛውን ጊዜ ካርቶኑ ላይ ስሙ ተጽፎ ያገኙታል። ጽሑፉ ከጠፋ ደግሞ ስላይዱን መብራት ሥር ይያዙና ቀስ ብለው ያጋድሉት። በደብዛዛው ገጽ በኩል ምስሉ ልክ እንደ ሳንቲም ላይ ምስል ከፍና ዝቅ ብሎ ተቀርጾ ይታይዎታል፤ የሰውየው ትከሻ፣ የቤቱ ጣሪያ ጠርዝ ብርሃኑን ይዞ ብልጭ ይላል። ይህን አንድ ጊዜ ያየ ሰው ኮዳክሮምን ዳግም አይስተውም።

ኮዳክሮሞቹን ለብቻ ለይተው፣ በ«ፊልተር» ገጽ ላይ ያለውን «ኢንፍራሬድ ክሊን» አጥፍተው ያንሷቸው። አቧራውን አስቀድመው በጎማ መንፊያ ከሁለቱም ገጽ ያስወግዱት። በአፍዎ አይንፉ፣ በጨርቅ አይጥረጉ፣ ውኃም አልኮልም አያስነኩ። የቀረውን ነጥብ በኋላ በምስል ማረሚያ ሶፍትዌር በእጅ ማንሳት ይቻላል። ጊዜ ይወስዳል፣ ግን የአባትዎ ዓይን የአባትዎ ዓይን ሆኖ ይቀራል። ኮዳክሮም በእነዚህ ስካነሮች ሲነሳ ወደ ሰማያዊ ያዘነብላል፤ አይደንግጡ፣ የሚታረም ነው። በአንጻሩ ወደ ቀይ ያዘነበሉ፣ ሰማያቸው የሐምራዊ መልክ የያዘ ስላይዶች ካገኙ ሌላው የኮዳክ ፊልም፣ የዚያ ዘመን ኤክታክሮም ሊሆኑ ይችላሉ፤ ማቅለሚያቸው ራሱ ደብዝዟል። እነሱ ላይ ኢንፍራሬዱ በደንብ ይሠራል፣ «ሪስቶር ፌዲንግ» የሚለውንም ይሞክሩ።

የጠርዙን መቆረጥ ባጭሩ ልጨርሰው። በ«ክሮፕ» ገጽ ላይ «ክሮፕ ሳይዝ» የሚለው «አውቶ» ላይ ከሆነ ሶፍትዌሩ የምስሉን ጠርዝ ራሱ ይፈልጋል። የክፈፉ ጥላ ጥቁር ነው፤ ማታ የተነሳ ደመራ ወይም በጧፍ ብርሃን የተነሳ የቤተ ክርስቲያን ውስጥ ደግሞ ዳሩ ሁሉ ጥቁር ነው። የቱ ክፈፍ፣ የቱ ምስል እንደሆነ መለየት ሲያቅተው ብርሃን ያለበትን ብቻ ቆርጦ ያስቀራል። «ማክሲመም» ያድርጉትና ክፈፉን ጨምሮ ሙሉውን ያንሳ። ጥቁር ጠርዝ ይኖራል፤ እሱን በኋላ መቁረጥ ቀላል ነው፣ የተቆረጠ ምስልን መመለስ ግን አይቻልም። ጥቁሩ ጠርዝ የቀለም ስሌቱን እንዳያዛባ «ቡፈር» የሚለውን ወደ አሥር በመቶ አካባቢ ከፍ ያድርጉት።

ሳይጠይቁኝ አንድ ልጨምር፦ «አውቶ ፎከስ» የሚለው በቅድመ እይታ ጊዜ ብቻ እንዲሠራ ተደርጎ ከሆነ ትኩረቱ በመጀመሪያው ስላይድ ላይ ተወስኖ ለቀሪዎቹ ሁሉ ያው ሊሆን ይችላል። የጎበጠ ፊልም ደግሞ ከስላይድ ስላይድ ይለያያል። በእያንዳንዱ ስካን ላይ እንዲያተኩር ያድርጉት። የትኩረት ነጥቡንም ልክ መሃል ላይ ከማድረግ ከመሃልና ከጠርዝ መካከል ቢያደርጉት ጎባጣ ፊልም ላይ የተሻለ ሚዛን ያገኛሉ።

እንግዲህ ስለ ማኅተሙ። ኮዳክ ያጠባቸው ብዙ ካርቶኖች ላይ ወርና ዓመት ታትሟል። ያ ቀን ፊልሙ የታጠበበት እንጂ ፎቶው የተነሳበት አይደለም። ኮዳክሮም በተራ ፎቶ ቤት የሚታጠብ ፊልም አልነበረም፤ የራሱን ኬሚካልና መሣሪያ ወዳሟሉ ጥቂት ላቦራቶሪዎች መላክ ነበረበት። እናም ጃንሜዳ ላይ የተነሳ የጥምቀት ስላይድ «ኤፕሪል 1968» የሚል ማኅተም ቢያዩበት አይገረሙ፤ የ1960 ዓ.ም. ጥምቀት ነው፣ ፊልሙ ካሜራ ውስጥና መንገድ ላይ ቆይቶ ነው። በፋይሉ ስም ላይ የትኛውን አቆጣጠር እንደተጠቀሙ ሁልጊዜ ይጻፉ፤ አለበለዚያ ልጆችዎ ሰባት ወይም ስምንት ዓመት ይሳሳታሉ። የአባትዎን የእጅ ጽሑፍም እንዳለ፣ ፊደል ሳያርሙ ይገልብጡት።

በየትኛው ገጽ እንደሚደረደሩም ይጠንቀቁ። ከኮዳክ ካርቶኖች በአንደኛው ገጽ ላይ ወደ ስክሪን መዞር ያለበት ይህ ነው የሚል የእንግሊዝኛ ጽሑፍ አለ፤ ሁሉንም በአንድ አቅጣጫ ያሰልፉ። የተገለበጠ ካለ ከምስሉ ውስጥ የሱቅ ሰሌዳ ወይም የመኪና ታርጋ ይፈልጉ። ፊደሉ በመስታወት እንደሚታይ ሆኖ ከተነበበ ስላይዱ ዞሯል። ሰሌዳ የሌለበት ከሆነ የነጠላው ጥለት፣ የኮቱ ቁልፍ፣ የእጅ ሰዓቱ ያለበት ክንድ ይረዳል።

መጋቢው ሲሰነቀር በኃይል አይሳቡ። በሶፍትዌሩ በኩል እንዲያስወጣው ይዘዙት፤ እንቢ ካለ ሶፍትዌሩን ዘግተው፣ ስካነሩን አጥፍተው፣ መጋቢውን አውጥተው ስላይዱን በጠርዙ ይዘው ያላቁት። ጤነኛ መጋቢ ድምፁ የተስተካከለ ነው፤ የሚደጋገም ድብደባ ሲሰሙ ሳይጠብቁ ያቁሙት። ለዚህም ነው ከክፍሉ አይውጡ የምለው። 48ቱ ከአንድ ሰዓት በላይ ሊወስዱ ይችላሉ፤ የሚቀጥለውን ሳጥን ለመለየትና ቁጥር ለመጻፍ የሚበቃ ጊዜ ነው።

የመጀመሪያውን ዙር እናትዎ ካሉበት ሳጥን አይጀምሩ። ከየሳጥኑ የማያሳሱትን 48 ዝርግ ካርቶን መርጠው ያስኪዱ። «መድረሻ» ሃምሳኛ ላይ ከመጣ በማግሥቱ ሳጥን ሀን ይክፈቱ። ከዚያ በፊት ከቆመ ግን የቆመበትን ስላይድ አራቱን ማዕዘኖች በቅርበት ፎቶ አንስተው ይላኩልኝ፤ ከየትኛው ጥግ እንደያዘ እነግርዎታለሁ።